ደመወዟ በራሷ ስም

«ምን ጎደለባት? እኔ እያለሁ ለምን ትንከራተታለች?» የሚለው ቃል ከእናት አንጀት የሚወጣ ነው። ነገር ግን አካል ጉዳተኛዋ ልጅ የታክሲ ሳንቲሟን ሳይቀር ከእናቷ መቀነት ስትጠብቅ ሠላሳ ዓመት ይሞላታል፤ እናትም ጡረታ ትወጣለች።

በ2000 ዓ.ም. ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568፣ የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር፣ ውጤቷ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያው ለእርሷ እንዲሆን ደነገገ። ተፈትና ያገኘችው ነውና ማንም ምጽዋት ሊለው አይችልም። የሥራ ቦታውን ለእርሷ ማመቻቸትንና ረዳት መመደብንም የአሠሪው ግዴታ አደረገ። በሥራ ቦታ ከሚደርስ ጾታዊ ጥቃት እንዲጠብቃትም አዘዘ፤ ብዙ እናት ልጇን ቤት የምታስቀምጠው ይህንኑ ፈርታ አይደለምን?

ለውድድሩ ግን ትምህርት ያስፈልጋል። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው፣ በኋላም ሕግ አጥንተው፣ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለማግኘት በቅተዋል።

እንግዲህ ልጅቱ ለሥራ ስትመዘገብ የማስታወቂያውን ቅጂና የፈተና ውጤቷን ትያዝ። «ለዚህ ሥራ አትሆኚም» ተብላ ብትመለስ ምክንያቱን በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ክስ ሲነሣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳቱን ሸክም አዋጁ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የመጀመሪያ ደመወዟም በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ፤ እናት ብር ቢያስፈልጋት ጠይቃ ትበደር።