ከጅግጅጋ ወጥቶ በኳስ መኖር

«ክለብ ጠርቶኛል፤ ሥራዬን ጥዬ ልሂድ?» ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሰኝ መልእክት ግማሹ ይኸው ነው። ጠያቂዎቹ የጅግጅጋ ልጆች ናቸው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ታይዋን ገበያ አጎቱ ሱቅ ይሠራል፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ቀን የየራሳቸውን ሲሉ ውለው አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ከካራማራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን እያስነሳ፣ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ለየብቻ መመለሱ አድካሚ ስለሆነብኝ ሁሉንም እዚህ ልበለው።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀት አለ ወይ ብዬ ነው። በፊፋ ደንብ ፕሮፌሽናል የሚባለው ከክለቡ ጋር የጽሑፍ ውል ያለውና ለመጫወት ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ትራንስፖርትና ምሳ እየተሰጠህ በቀን ሁለቴ ብትለማመድም ደንቡ አማተር ይልሃል። አማተርነት ነውር የለውም። የሚያስፈራኝ በአማተር ወረቀት የፕሮፌሽናል ኑሮ መጀመር ነው፤ ባጃጁን ለባለቤቱ መልሰህ፣ እናትህን ተሰናብተህ፣ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ገብተህ፣ እጅህ ላይ ግን ምንም የለም።

የሰፈሬ ልጅ እንዲህ ሆኗል፤ የእሱንም የክለቡንም ስም አልጠራም። ውሉን በሦስት ኮፒ ፈረመ፣ ሦስቱም ክለቡ ቢሮ ቀሩ። ደሞዝ ለሁለት ወር ገባ፤ ከዚያ «በጀት አልተለቀቀም» ተባለ። (አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ስለሆኑ ይህችን ሐረግ ቶሎ ትለምዷታላችሁ።) የፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደሞዝ የተያዘበት ተጫዋች በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ አሁንም ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ልጁ ግን ምን ይዞ ይክሰስ? ኮፒህን ሳትቀበል ከቢሮው አትውጣ። ደሞዙ ሲነገርህም «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» በል፤ ግብር ሲቆረጥበት የሚቀረው ሌላ ቁጥር ነው።

ሁላችሁም የምትጠቅሱልኝ አቡበከር ናስርን ነው፤ እሺ፣ እሱን እንውሰድ። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲያስፈርመው ልጁ ወዲያው ሻንጣ ይዞ አልሮጠም፤ የቡናን ማሊያ እንደለበሰ ዓመቱን ጨርሶ ነው የተሻገረው። እዚያ ከገባ በኋላ ጉዳት መጣና ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ሰዉ ይህን ሲሰማ «አልቀናውም» ብሎ ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ያው ጉዳት የኛ ሰፈር ልጅ ላይ ቢደርስ የሚሆነው ነው። ውል ያለው ተጫዋች ተጎዳ ተብሎ ብቻ አይባረርም። ውል የሌለው የኛ ልጅ ግን ጉልበቱ ሲዞር ወጌሻ ያሸዋል፣ ቤተሰብ ያዋጣል፣ በሦስተኛው ሳምንት አሰልጣኙ ስልክ ማንሳት ያቆማል። በነገራችን ላይ ክለቡ ካስፈረመህ በኋላ «የሕክምና ምርመራውን አላለፍክም» ብሎ ውሉን ሊሰርዝ አይችልም። ምርመራው ከፊርማ በፊት ነው።

መሄድና መቆየትም ለየቅል ናቸው። ጋቶች ፓኖም በ2009 ክረምት ከቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ አገሩ ገባ። ሽመልስ በቀለ በ2006 ግብፅ ፔትሮጄት ገብቶ እዚያው አገር ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ ዓመታት ተጫወተ። ሁለቱም ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ ናቸው፤ የችሎታ ነገር እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደማትወዱት ጉዳይ ልግባ፤ ጫት። የኛ ከተማ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሌላ ቀን ነው። የአወዳይ ጫት ይገባል፣ ሱቅ ገርበብ ይላል፣ በርጫው ይደራል። ጨዋታ ያለበት ቀን እንኳ «ለጉልበት» እያለ ጥቂት ቀንጠስ የሚያደርግ ልጅ አውቃለሁ። አቦ፣ ይህን ስሙኝ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ የሰፈረ ነው። በውድድር ጊዜ ሽንትህ ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። ጅግጅጋ ሜዳ ላይ ማንም ሽንት አይጠይቅህም፤ ስምህ ከፍ ወዳለ ውድድር ሲገባ ግን ይጠየቃል። ምርመራው ቢቀር እንኳ እንቅልፉ አለ። ሌሊቱን በምርቃና ያነጋ ልጅ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልምምድ ሜዳ ደርሶ ምን ያደርጋል? ሊጉ በከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ድሬዳዋ ስታስተናግድ፣ ተጫዋቾቹ ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ተቀምጬ ውዬ አውቃለሁ። ከምሳ በኋላ ግቢው ጭር ይላል፤ ሁሉም ተኝቷል። ቆይቶ አንዱ ብቅ አለ፣ በፌስታል የተቋጠረ በረዶ ጉልበቱ ላይ አስሮ፣ ሻይ እንኳ ሳያዝ ውኃ ብቻ ተቀብሎ ተመለሰ። ሙሉ ጊዜ በኳስ መኖር አብዛኛው ሰዓቱ ይህን ይመስላል፤ ድካም ብቻ ሳይሆን ድብርትም አለው።

የቴሴራችሁን (የተጫዋችነት ምዝገባ ካርዳችሁን) ነገር አትናቁ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ከአገር አገር ሲዘዋወር ከዝውውሩ ሒሳብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። በ100 ሺህ ዶላር ዝውውር፣ 16 ዓመት ከሞላህ በኋላ አንድ የውድድር ዘመን የያዘህ ቡድን 500 ዶላር ይደርሰዋል። የሰፈር ቡድን በዚህ ብር ኳስና መለያ ይገዛበት ነበር። በፌዴሬሽኑ መዝገብ ውስጥ ያልገባ ቡድን ግን ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። አሰልጣኞች፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ ልጆቹን አስመዝግቡ፣ በትክክለኛ ዕድሜያቸው።

«ሙከራ አስገባሃለሁ፣ ብር ላክ» የሚል ሰው ሲመጣ ስልኩን ዝጉት። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ውጭ አገር ክለብ አገኘሁ የሚልም እንደዚያው፤ ፊፋ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር የከለከለው ነው።

የዩኒቨርሲቲው ልጅ፣ ላንተ ሂድ ነው የምልህ፤ ግን ዝም ብለህ ከክላስ አትጥፋ። ሬጅስትራር ሄደህ ዊዝድሮዋል ሙላ፣ ማህተም ያለበትን ቅጂ ቤት አስቀምጥ። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ባጃጁን ከመመለስህ በፊት ውሉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ስምህንና ደሞዝህን ሸፍነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።