«ጥንካሬ» እና «ዘለቄታ»፤ ስለ ገጠር መንገድ ንጣፍ ስያሜዎች

የመንገድ ሥራ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች «ጥንካሬ» በሚለው አንድ ቃል ተጠቅልለው ይገኛሉ። አንደኛው ንጣፉ የተሽከርካሪን ክብደት የመሸከም ችሎታው ነው፤ ሁለተኛው ይህን ችሎታውን ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ለዓመታት ይዞ የመቆየት ባሕርዩ ነው።

ሁለቱ የተለያዩ ለመሆናቸው የዋልካ አፈር ጥሩ ምስክር ነው። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጨቀያል፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። ይኸውም ጥንካሬ አለው፣ ዘለቄታ የለውም ማለት ነው። የአፈር የመሸከም ዐቅም በቤተ ሙከራ ሲለካ ናሙናው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ 4 ቀን በውሃ የሚዘፈዘፈው የደረቅ አፈር ጥንካሬ ስለሚያታልል ነው።

«ዘለቄታውን አሻሽሉ» የሚለው ትእዛዝ «ጥንካሬውን አሻሽሉ» ተብሎ ቢተረጐም የሥራው ኃላፊ የውሃ መውረጃ ቦይ በማስቈፈር ፈንታ ገረጋንቲ ሊያስጨምር ይችላል። መንገዱ በክረምት ሲቈረጥ ጕዳቱ የሚደርሰው በመንደሩ ነዋሪ ላይ ነው።

ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ «ዘላቂነት» እና «ጽናት» ሊታሰቡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው «ዘላቂ ልማት» በሚለው ሐረግ ምክንያት ሌላ ፍች ይዟል፤ ሁለተኛውም ይበልጡን የሚነገረው ለሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ «ዘለቄታ» ይመረጣል።

«ንጣፍ» ሲባልም አስፋልት ብቻ ሊመስል አይገባም። በሙያው አነጋገር ከተደለደለው መደብ በላይ የሚደረደረው ሁሉ፣ ገረጋንቲም ቢሆን፣ ንጣፍ ነው።

አፈርን በኖራ ለማሻሻል «ማርጋት» የሚለው ቃል ተስማሚ ነው። ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆን ሁሉ፣ የሚላላው አፈርም ቅርጹን መያዙን ያመለክታል። ኖራ በመጀመሪያ የዋልካውን እብጠት ይቀንሳል፤ ቆይቶም ከሸክላው ጋራ ተዋሕዶ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ማርጋት ለጥንካሬም ለዘለቄታም ይረዳል። «ጥቅጠቃ» ግን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር አስወጥቶ ማጠጋጋት ስለሆነ ማርጋትን አይተካም።

የሚጠቀጥቀውን መኪና ሠራተኛው «ዳምጠው» ይለዋል። ቃሉ ጥጥን ከፍሬው ለመለየት በብረት ዘንግ ከመዳመጥ ጋራ የሚዛመድ ነው፤ ሕዝቡ እንዲህ ያለ ገላጭ ስም ካወጣ ሌላ ስያሜ መፍጠር አያሻም። ተርጓሚም በመዝገበ ቃላት የሌለውን ቃል ከመፈልሰፉ በፊት የመንገድ ሠራተኛውን ቢጠይቅ ይበጃል።