ካርቶን ውስጥ የቀረው ድምፅ
የቤታችንን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር ስለማሻገር

በየሙስሊሙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አንድ ካርቶን ካሴት አይጠፋም። ከላይ የታወቁ ቃሪኦች የቀሩት ቁርኣን ይኖራል። ከሥሩ የመስጊዱ ኢማም በረመዷን የሰጡት ደርስ፣ የመውሊድ ሌሊት መንዙማ፣ የኒካሕ ዕለት የተደረገ ዱዓ ይገኛል። ከሁሉም ሥር ደግሞ ጅዳ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ በገዛ ድምፁ ቀርፆ የላከው ሰላምታ አለ። ስልክ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ደብዳቤ ማንበብ ለማይችሉ እናት ድምፅን በካሴት መላክ የተለመደ ነበርና። ዛሬ ያንን ካሴት የምታጫውት ቴፕ በብዙ ቤት የለችም። ብትኖርም ላስቲኳ ላልቶ ድምፁን ታጎትታለች። ካሴቱ ግን ካርቶኑ ውስጥ ሆኖም ማርጀቱን አላቆመም።

ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያቀረበው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ነው። ውስጡ የተጠቀለለው ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የተቀባው ዱቄት የማግኔትነት ባሕርይ አለው። ድምፁ የሚኖረው በዚያ ማግኔት ውስጥ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ማግኔቱ ይዳከማል፤ ሙቀትና እርጥበት ቅባቱን ያላሉታል። በጥቅሉ ላይ የተደራረበውም ክር አንዱ በሌላው ላይ ይታተማል። አንዳንድ ጊዜ ሸይኹ ከመናገራቸው በፊት የራሳቸው ድምፅ በስሱ እንደ ማሚቶ ቀድሞ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

የትኛው ይቅደም?

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከቁርኣኑ ካሴት ነው። መነሻው መልካም ቢሆንም እንደኔ እንደኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ግብፃዊው ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል አስቀርፀዋል። ያ ቀረፃ ዛሬ ጥርት ባለ ቅጂ በየትም ይገኛል። የሸይኽ ዐብዱልባሲጥም እንደዚሁ ነው። የእነዚህ ካሴት ቢበጠስ ሌላ ይተካዋል። የሰፈራችን ኢማም ከሠላሳ ዓመት በፊት ያደረጉት ደርስ ግን ከዚያ ካርቶን በቀር ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። የሟች አያት ዱዓም እንደዚያው።

መንዙማንም እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ስለ መንዙማና አብሮት ስለሚመታው ድቤ ዑለማዎች የየራሳቸው አስተያየት አላቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ አይደለም። ጉዳያችን የወሎው ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ መሻይኾች በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ የተዉት ቅርስ ነው። ቃሉን ከወረቀት ማንበብ ይቻላል። ዜማውን ግን ወረቀቱ አይነግረንም። ዜማው ያለው በአዋቂዎች አንደበትና በእነዚያ ካሴቶች ላይ ነው።

ከኮምፒዩተሩ በፊት

ልጆች ወዲያው ኮምፒዩተሩን መክፈት ይወዳሉ። የሥራው ግማሽ ግን የሚያልቀው ከካሴቱና ከቴፑ ዘንድ ነው። በመጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ በሁለቱ ጠርዝ ያሉትን ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም፤ አንድ ልጅ ቀዩን ቁልፍ በስሕተት ቢነካ የአያት ድምፅ አይጠፋም። ቀጥሎ ክሩን በቢክ እስክሪብቶ ትንሽ አዙራችሁ አለመያዙን ካያችሁ በኋላ፣ በቴፑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠንጥኑት። ክሩን የምትደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ወይም ቤቱ ከተሰነጠቀ፣ ክሩን በብሎን ወደሚታሰር ሌላ የካሴት ቤት ማዛወር ይቻላል።

ቴፑም መጽዳት አለበት። ድምፁን የምታነበው ሄድ፣ ክሩን የምትስበው ቀጭን ዘንግና የምትጫነው ጎማ በጊዜ ብዛት ቡናማ ዝገት የመሰለ ነገር ይይዛሉ። በአልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ ተብለው ይጠረጋሉ፤ አልኮሉ ሳይደርቅ ካሴት አይገባም።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሄዱ ጎን ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ የተቀረፀው በሌላ ቴፕ ከሆነ የዚያኛው ሄድ አቀማመጥ ከእኛው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። ካሴቱ እየተጫወተ ብሎኗን በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ፣ ወዲህና ወዲያ ማዞር ነው። ድምፁ ድንገት የሚገለጥበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ተዉት። በኋላ በኮምፒዩተር ሊጨመር የማይችል ጥራት በዚህች ብሎን ይገኛል።

ገመዱና ፕሮግራሙ

ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው በሁለቱም ጫፍ ጃክ ያለው ገመድ ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ሦስት ቀዳዳዎች በቀለም ተለይተው ይገኛሉ። አረንጓዴው ለድምፅ ማጉያ፣ ሮዙ ለማይክራፎን፣ ሰማያዊው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ገመዱን ሮዙ ላይ መሰካት የተለመደ ስሕተት ነው። የማይክራፎኑ ቀዳዳ ደካማ ድምፅን ለማጉላት የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የመጣውን አጉልቶ ያፈርሰዋል። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ሰማያዊው ቀዳዳ ስለሌላቸው በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ፣ የድምፅ መግቢያ ያለው ትንሽ መሣሪያ መግዛት ያሻል። ካሴት አጫውቶ ራሱ ወደ ኮምፒዩተር የሚልክ ርካሽ ዕቃም ይሸጣል፤ ነገር ግን በደንብ የጸዳ አሮጌ ቴፕ ብዙውን ጊዜ ይበልጠዋል።

ለቀረፃው ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። አሜሪካ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የተለቀቀ ሲሆን በነጻ የሚሰጥ ነው። የሚወሰደውም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። ከተጫነ በኋላ የድምፁ መግቢያ ገመዱ የተሰካበት መሆኑን፣ ናሙናው 44,100 ሄርትዝ መሆኑን ተመልከቱ። ዊንዶውስ ድምፅን ለማሳመር ብሎ በራሱ የሚያደርገው ነገር ስላለ እሱም ይዘጋ፤ አለበለዚያ የቃሪኡን የትንፋሽ ዝምታ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። በሁለት ቻናል ቅረፁ፤ አንዱ ቻናል የተጎዳ ከሆነ በኋላ ጤነኛውን ብቻ ማስቀረት ይቻላል።

የድምፁን ከፍታ በተመለከተ፣ በጣም ከፍ ያለው ቦታ ተፈልጎ ይጫወትና መለኪያው ከዜሮው በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቀር ይደረጋል። ካሴት ትንሽ ቢጮህበት ይችላል። ኮምፒዩተር ግን ከዜሮ ያለፈውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ የተቆረጠውን በትክክል የሚመልስ የለም። ሞባይሉን ከገመዱ አርቁ። የካሴቱን እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ቅረፁ፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ የሚደገመው አንዱ ገጽ ብቻ ይሆናል።

ሲያልቅ «ኤክስፖርት» በሚለው ትእዛዝ በዌቭ መልክ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ለራሱ የሚያስቀምጠው ፋይል በሌላ ማጫወቻ አይከፈትምና በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። የ60 ደቂቃ ካሴት በሁለት ቻናል 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በአንድ ቻናል ግማሹን። ለዘመድ ለመላክ ደግሞ በኤም ፒ 3 በ128 ኪሎ ቢት ቢወጣ ወደ 58 ሜጋባይት ይወርዳል። ዋናው ግን ዌቩ ነው፤ እሱ አይነካ።

ማጽዳት እስከ የት?

ኦዳሲቲ ውስጥ «ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚባል አለ። ሰው የማይናገርበትን ጥቂት ሰኮንድ አሳይታችሁት፣ ያንኑ ሹክታ ከጠቅላላው ቀረፃ እንዲቀንስ ታዙታላችሁ። ለጆሮ ደስ ይላል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። የካሴት ሹክታና የአንዳንድ ሐርፎች ድምፅ የሚኖሩት በአንድ ሰፈር ነው። ሲን፣ ሳእ፣ ሷድ፣ ሺን፣ ፋእ ሁሉ በትንፋሽ የሚወጡ ናቸውና፣ ፕሮግራሙ ሹክታውን ሲያባርር የእነሱንም ጠርዝ ይሸርፋል። ሲኑ ከሳኡ የማይለይበት ቂርኣት ምንም ያህል ዝም ያለ ቢሆን ለልጅ ማስተማሪያ አይሆንም። ስለዚህ ለቂርኣት ከ6 ዴሲቤል አትለፉ፤ የጸዳውንም ተጅዊድ የሚያውቅ ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ ይስማው። እኔ ብጠየቅ ሹክታውን እመርጣለሁ።

ማሚቶ መጨመር፣ ድምፅ ማወፈር፣ ዜማ ማቃናት የሚባሉትን ከነጭራሹ ተዉ። ከበስተኋላ የሚሰማው የሌላ መስጊድ አዛን፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የዶሮ ጩኸት የዚያ ዕለት ምስክር ስለሆነ ይቆይ። ቁርኣን ሲከፋፈል መቁረጡ በአያ መጨረሻ ይሁን። የደርሱ አንደኛ ገጽ በዓረፍተ ነገር መሐል ካለቀም ክፍተቱን እንዳለ መተው ይሻላል። ከሌላ ቦታ ቃል አምጥቶ መግጠም ሸይኹ ያላሉትን ማሰኘት ነው።

ሰነድ የሌለው ፋይል

የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ንግግር ሲደርሳቸው ከማን እንደተሰማ ይጠይቃሉ። ኮምፒዩተር ላይ «ትራክ 01» ተብሎ የተቀመጠ ድምፅ ሰነድ የለውም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ ተናጋሪው፣ ቦታው፣ ዓመተ ምሕረቱና የካሴቱ ገጽ ይጻፉ። ካሴቱ ላይ ያለው ጽሑፍም ፎቶ ይነሣ።

ይህን ልጆች ብቻቸውን አይችሉትም። ልጁ ኮምፒዩተሩን ይያዝ፤ አያት ከጎኑ ይቀመጡ። «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ሲላቸው ስሙን ብቻ አይነግሩትም፤ ቤቱ የማን እንደነበር፣ ማን ቡና እንዳፈላ፣ አሚን የሚሉት እነማን እንደሆኑ ያወጉታል። ያንን ወግም በስልክ ቀርፆ ከፋይሉ ጋር ማስቀመጥ ነው።

በድምፅ የተላከ ደብዳቤ ግን የቤተሰብ ምስጢር ሊኖረው ስለሚችል ተናጋሪው ወይም ወራሾቹ ሳይፈቅዱ ከቤት አይውጣ። የደርሱም ካሴት የሸይኹ ቤተሰብ ካሉ ተጠይቀው ይሰራጭ፤ ብዙዎቹ ቅጂው ለእነሱም እንዲደርስ ሲማጠኑ ታገኟቸዋላችሁ።

ቅጂው ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ አንዱ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ድምፅ መልእክት ከሄደ እንደገና ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። ካሴቱ ራሱ አይጣል። በቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከድምፅ ማጉያና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።