ወረትን ስለ ማፋፋት

ንግድን የማስፋት ነገር በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ፈጥኖ ወደ ሰፊ ሱቅና ወደ ብድር ይሄዳል፤ ነገር ግን በመርካቶ ከበርበሬ ተራ እስከ ሸማ ተራ በጥቂት ጥሪት ተነሥተው ለባለጸግነት የበቁትን ነጋዴዎች አካሄድ በአስተውሎት የተመለከተ ሰው፣ ብልሃታቸው ከወረታቸው ብዛት ይልቅ ያ ወረት በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደሚመለስ በመቍጠራቸው ላይ መሆኑን ይረዳል።

100,000 ብር ወረት ያለው ነጋዴ ከመቶ 10 እያተረፈ በዓመት 4 ጊዜ ቢያዞረው 40,000 ብር ያገኛል፤ ጎረቤቱ በዚያው ወረት ከመቶ 5 ብቻ እያተረፈ በየወሩ ቢያዞረው ግን ትርፉ 60,000 ብር ይሆናል፤ በዚህም ላይ ዋጋ የረከሰለት ደንበኛ ወዳጅ ዘመዱን አስከትሎ ይመለሳል። ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ ዕቃ ሀብት መስሎ ቢታይም የታሰረ ገንዘብ ነውና፣ በመጣበት ዋጋም ቢሆን ሸጦ ፈላጊ ባለው ዕቃ መለወጥ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ጠንቅ ግን የሱቁን መሳቢያ ከቤት ቀለብ አለመለየት ነው። ሌሊት ተነሥቶ ሲደክም የሚውል ትጉህ ሰው፣ ክርስትናው፣ ሠርጉና ተዝካሩ በመጣ ቍጥር እጁን ወደዚያው መሳቢያ እየሰደደ፣ ከዓመታት ድካም በኋላ ወረቱ የት እንደ ገባ ሳያውቅ ሱቁን ሲዘጋ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። ማታ የተቈጠረው ብር ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ አብዛኛው ነገ ዕቃ የሚገዛበት ዋና ነው። ባለሱቁ ለራሱ ደመወዝ ይቍረጥ፤ ከዚያ በላይ የወሰደውንም ዕዳ ብሎ በስሙ ይጻፍ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ደንግጎ ነበር፤ መዝገቡም ከግብር ሰብሳቢው አስቀድሞ የሚጠቅመው ራሱን ባለቤቱን ነው።

ወረት ለመጨመር እቁብን የመሰለ መልካም ሥርዓት አለን፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን በአንድነት ሲቀበል፣ ያለ ወለድ ከጅምላ ሻጭ በረከሰ ዋጋ ለመግዛት አቅም ያገኛል። ሆኖም ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው የተቀበለው የባልንጀሮቹን ብድር ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው ዙር ሳያጓድል መጣል አለበት፤ እንግዲህ ያን ገንዘብ ለቤት ዕቃ ወይም ቀስ ብሎ ለሚሸጥ ሸቀጥ ያዋለ እንደ ሆነ፣ ሳምንታዊውን እቁብ የሚጥለው ከዋናው እየቀነሰ ይሆናል።

አዲስ ዓይነት ሥራ ለመጨመር ለሚያስብም ሰው ቅርቡ ይበጃል፤ በምናለሽ ተራ ከባዶ በርሜል ምድጃ የሚሠራ ባለ እጅ፣ ለቀረው ቁራጭ ብረት ሌላ ጥቅም ቢፈልግለት አዲስ መሣሪያም አዲስ ገበያም አያሻውም።

ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት የተመኘ ደግሞ አስቀድሞ ያሠለጠነውን ሠራተኛ በፊተኛው ሱቅ ላይ ሾሞ አንድ ወር ዘወር ይበል፤ ሲመለስም ዕቃውንና ገንዘቡን ይቍጠር። ቈጠራው ከመዝገቡ ጋር የተስማማ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ሌላ ቤት ኪራይ ይጠይቅ።