ውሻው የት ገባ? ስለ ሩቅ ምሥራቅ ጎረቤቶቻችን የሚወራውና እውነታው

«ቻይና ውሻ ይበላል፣ እኛን ደግሞ አህያ ያበላናል» የሚለውን ወሬ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ መካኒሳ ያልሰማ አይገኝም። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ፀጉር ቤት ይወራል፣ ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ይወራል። ብዙ ጊዜ የሚወራው በሳቅ ነው፤ የሚያወራውም ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ይህ ወሬ የማንን ቤት እንዳቀዘቀዘ ስላየሁ ከሚስቁት ጋር መሳቅ አቅቶኛል።

እዚሁ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የቻይና ድርጅት ካምፕ ምግብ አብሳይ ሆና ልጆቿን የምታሳድግ ሴት አለች። ሥራውን ከያዘች ወዲህ ቡና ስታፈላ የሚመጣላት ሰው ተመናመነ። ለቅሶ ቤት ሴቶች ተሰባስበው ሲሠሩ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ትከትፋለች፣ ወጡን ግን አታማስልም። በግልጽ የከለከላት የለም። «አንቺ ደክሞሻል፣ አምጪው እኔ ልያዘው» ይባልና ማማሰያው ከእጇ ይወሰዳል። ትንሹ ልጇ «እናትህ የውሻ ወጥ ሠሪ ናት» ተብሎ ከትምህርት ቤት ተደባድቦ መጥቷል። ወሬው የሚተኮሰው ወደ ቻይናዎቹ ነው፤ ያረፈው ግን በእኛዋ ሴት ላይ ነው።

ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ የምታበስለው ምንድን ነው? ሩዝ። እንቁላል በቲማቲም። ጥቅል ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ቶሎ የተቁላላ። ኑድል። በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ። ዶሮ። ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራ፣ አይብ የመሰለ ቶፉ የሚባል ምግብ፤ ይህ ወተትም ቅቤም ስለሌለበት በዓቢይ ጾም እንኳን የሚበላ ነው። ሥጋ ሲባል ደግሞ ከሁሉ በላይ የአሳማ ሥጋ ነው። በዓለም ላይ ከሚበላው የአሳማ ሥጋ ግማሽ ገደማ የሚበላው ቻይና ውስጥ ነው። አሳማ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ያልተፈቀደ በመሆኑ እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ቢከብደው አይገርመኝም። የዶሮ እግር ከነጥፍሩ ሲቀቀል ያየ ጎረቤትም ደንግጦ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንጥለውን እነሱ ያጣጥሙታል፤ የእኛን ዱለትና ምላስ ሰምበር አይተው የሚደነግጡ ሕዝቦችም አሉ።

ወሬው ከባዶ የመነጨ ነው አልልም። በአንዳንድ የቻይና ግዛቶች የውሻ ሥጋ የሚበላ ሰው ነበረ፣ ዛሬም አለ። አብዛኛው ቻይናዊ ግን አይበላም፤ በከተማ ያደገው ወጣትማ ውሻ አሳዳጊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሼንዘን ከተማ የውሻና የድመት ሥጋ መብላትን በሕግ ከለከለች። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ውሻን ከእርባታ እንስሳት ተራ አስወጥቶ የሰው አጋር ብሎታል። ደቡብ ኮሪያም በጥር 2024 ለሥጋ ተብሎ ውሻ ማርባትን፣ ማረድንና መሸጥን የሚከለክል ሕግ አጽድቃለች፤ ተፈጻሚ የሚሆነው ከ2027 ጀምሮ ነው። «አንዳንድ ቦታ አንዳንድ ሰው ይበላል» ከሚለው ተነስቶ «የጠፋውን ውሻዬን ይህ ቻይናዊ ተከራይ በላው» ወደሚለው መድረስ ግን ምንም ማስረጃ የማያሻግረው ገደል ነው።

ታዲያ የጠፋው ውሻ የት ገባ? ከተማችን ውስጥ ውሻን የሚያጠፋው ብዙ ነው፤ ሁሉም በዓይናችን ፊት ያለ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ሲያስወግድ ኖሯል፤ መርዙን ከበላው መካከል ማታ አጥር ሾልኮ የወጣ የቤት ውሻም ይኖራል። ቀለበት መንገዱ ላይ በየሌሊቱ የሚገጨውን የሚቆጥረው የለም። በሃና ማርያምና በፉሪ በኩል ከተማው ከገጠሩ በሚገናኝበት ጅብ ይወርዳል፤ ለጅብ ደግሞ ውሻ ቀላል አደን ነው። እብደት የያዘው ውሻ ከቤቱ ርቆ ይሞታል። ይህን ሁሉ ዘሎ ጣቱን ወደ ጎረቤት የሚቀስር ሰው ውሻውን እየፈለገ አይደለም።

የአህያው ነገር የተለየ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በከፊል እውነት አለው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በቻይና ባለሀብት የተቋቋመ የአህያ ቄራ ሥራ ጀምሮ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የከተማው አስተዳደርም በዚያው ዓመት ዘጋው። ቁጣው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፣ ውኃና እንጨት የሚሸከም አህያ ያጣ ቤት ሸክሙ በእናትና በሴት ልጅ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ግን ቄራው የተከፈተው ለምን ነበር? በዋነኛነት ለቆዳው ነው። የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ቻይና ውስጥ ለባህላዊ መድኃኒት የሚውል ሙጫ ይወጣዋል፤ ከዚህ የተነሳ በአፍሪካ የአህያ ስርቆትና እርድ ስለበዛ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድን በአህጉር ደረጃ ለማገድ ተስማምተዋል። የቢሾፍቱው ቄራም ምርቱን ለውጭ ገበያ ያቀደ ነበር። ነገሩ የንግድ ጉዳይ ነው፤ ከዚያች ምግብ አብሳይ ድስት ጋር የሚያገናኘው ክር የለም።

በስልክ የሚዘዋወረው ቪዲዮ ደግሞ ትዕግሥቴን ይፈታተነዋል። ቀን የለው፣ ቦታ የለው፣ የታረደ እንስሳ ከየትም ተወስዶ «ዛሬ ጀሞ ላይ እጅ ከፍንጅ ተያዙ» ተብሎ ይለጠፋል። የለጠፈው ሰው ተመልካች ሰበሰበ፣ ሴትዮዋ ጎረቤት አጣች። ስለ ሥጋ ከልብ የሚጨነቅ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር አለ፤ ሥጋው ላይ የቄራው ማኅተም አለ ወይስ የለም? በየጓሮው የሚካሄደው ሕገወጥ እርድ ሐኪም ያላየውን ሥጋ ገበያ ያስገባል፤ አብዛኛው አራጅም ሻጭም የእኛው ሰው ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ደግሞ አያቶቻችንም ያውቁ ነበር፤ ኮሶ የሚጠጡት ለዚያ ነው።

እኛም የሌላ ሰው ወሬ ሰለባ የሆንንበት ጊዜ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንገደኞች በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ብሎ ጻፈ። ገና ያኔ ውሸት ነው ያሉት ነበሩ፣ የተከራከሩለትም ነበሩ። አንድ ሰው አንድ ቀን አየሁ ያለው ነገር ግን የአንድ ሕዝብ የዘወትር ማዕድ ተደርጎ ለአውሮፓ አንባቢ ቀረበ። ያ ያንገበገበው ኢትዮጵያዊ፣ ያው ነገር በቻይናው ላይ ሲደረግ ዝም ማለት አይገባውም።

አገር ውስጥም የከፋ ታሪክ አለን። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን ቡዳ ብለን፣ በሠሩት እየተጠቀምን ማዕዳቸውን ስንሸሽ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። አሁን ማማሰያው የሚወሰድባት ሴት በዚያው አሮጌ ዓይን ነው የምትታየው።

አልበላም ማለት መብት ነው። ይህን ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዕድር ለዘመናት ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ እንግዳ በሃይማኖቱ የሚያርድ ይጠራል፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። ማንም በማንም አይቀየምም፤ ምክንያቱም አልበላም ያለው ሰው ርኩስ ነህ አላለም። ለቻይናውም ለኮሪያውም ጎረቤት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እውነታውን መዘርዘር ብቻውን ማማሰያውን ወደዚያች ሴት እጅ ይመልሳል ብዬ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። መጠየፍ ከእውቀት በታች የሚኖር ስሜት ነው። ቢያንስ ልጆቻችን ሲሰሙ አናውራው።

ወሬ ድንገት ወደ ድንጋይ ሊለወጥ እንደሚችል በ2012 ዓ.ም. አይተናል። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገለጽ፣ ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ከቀናት በኋላ የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን ሲያስጠነቅቅ የውጭ አገር ሰዎች «ኮሮና» እየተባሉ መሰደባቸውን፣ ታክሲ መከልከላቸውን፣ ድንጋይ መወርወሩንና ድብደባ መፈጸሙን ጠቅሷል። በሽታው ፓስፖርት እንደማይመርጥ የገባን ዘግይቶ ነው።

ሌሎቹ ወሬዎች ይህን ያህል ቦታ አይፈልጉም።

«መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች እስረኞች ናቸው» ይባላል። አይደሉም። ይህ ወሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ስለተወራ ተመራማሪዎች ተከታትለውታል፤ ከእነሱ አንዷ አሜሪካዊቷ ዲቦራ ብራውቲጋም ናት፤ ማስረጃ አልተገኘለትም። ሰው እስረኛ ያስመሰላቸው አንድ ዓይነት ልብሳቸው፣ በካምፕ ተሰብስበው ማደራቸውና እስከ ሌሊት መሥራታቸው ነው። ቀለበት መንገዱንና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ የሚወርደውን የቀላል ባቡር መስመር የሠሩት በኮንትራት የመጡ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ማደሪያና ምግብ ድርጅቱ ስለሚችልላቸው ያገኙትን ለቤተሰብ ይልካሉ። ዓረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ይህን ኑሮ ሳይነገረው ይረዳዋል።

«ፈረንጅ በርበሬ አይችልም» የሚሉም አሉ። ከሲቹዋንና ከሁናን ሰው ጋር ግን በሚጥሚጣ አይወዳደሩም። ቃሪያውና በርበሬው ለእነሱም ለእኛም ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ተክል ነው፤ ሁለታችንም ግን ያለ እሱ ወጥ የለም እስክንል ደረስን።

«ሁሉም ቻይና ነው» የሚለውን ከልጆች አፍ በየቀኑ እሰማለሁ። አንዱ ጃፓናዊ ነው፣ አንዷ ኮሪያዊት ናት፣ አንዱ ቬትናማዊ ነው። የእኛ አያቶች ይህን ልዩነት አሳምረው ያውቁ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ተጠቅመዋል። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር ደሙን ያፈሰሰው በኮሪያ ጦርነት ነው፤ በሌላው ወገን ከቆሙት አንዱ የቻይና ጦር ነበር። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ያጠለቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው። ስለ ምግብ ካነሳንም፣ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ በዓመቱ የተወሰኑ ወራት የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አወጣ። ከዚያ በኋላ ከሥጋ መራቅ ለብዙ መቶ ዓመታት ልማድ ሆኖ ቆየ፤ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በ1872 በይፋ ሲሰማ ትልቅ ወሬ ነበር። የጃፓን የቡድሃ መነኮሳት ባህላዊ ማዕድ ዛሬም ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም። የእኛ ጿሚ ከማንም ይልቅ የሚግባባው ከእነሱ ጋር ነው።

«ቅዳሜና እሑድ ከሆቴል አይወጡም» ይባላል። የፕሮጀክት ሠራተኛው ብዙ ጊዜ እሑድንም ስለሚሠራ ሆቴሉንም አያየውም። ዕረፍት ያለው ግን ጠዋት በጀሞ፣ በአለም ገና አድርጎ የቡታጅራን መንገድ ይይዛል። በዚያ መንገድ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አዳዲ ማርያም አለች፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለች። ከዚያ አለፍ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለው የጢያ ትክል ድንጋይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። መንገዱ የሚጀምረው ደግሞ ከደጃችን ነው።

«ፈረንጅ ሀብታም ስለሆነ ቢጨምር ምን አለበት?» የሚባለው የመጨረሻው ነው። ሙዚየም ለውጭ ዜጋ የተለየ መግቢያ ዋጋ ሲያስከፍል ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል፤ ያ ደንብ ነው። የታክሲ ታሪፍ ግን በዜግነት አልተከፋፈለም። ከጀርመን አደባባይ ሳር ቤት የሚሄድ ቻይናዊ ለዚያ መንገድ የተወሰነውን ይክፈል፤ ረዳቱም መልሱን ይመልስለት።