የሞተ የመሰለ ቀለም

ኮፈኑ መሐል ለመሐል በቀጭን ፕላስተር ተከፍሏል። ከፕላስተሩ ወዲህ ያለው ቀይ ወደ ሮዝ ሸሽቷል፤ በጣት ሲነካ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ከወዲያ በኩል ግን የጣሪያው አምፖል ቅርጹ ሳይዛባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሁለቱም በኩል ያለው ያው የድሮው ቀለም ነው፤ አንዲት ጠብታ አዲስ ቀለም አልተጨመረበትም። መኪና ወዳዶች አመሻሽ ላይ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበው የተረሳ መኪና ሲያድሱ አስቀድመው የሚሠሩት ይህን ነው። ግማሹን ወልውለው ግማሹን ይተዉታል፣ የተጠራጠረ ቀርቦ እንዲያይ።

እንዲህ ያለው ምሽት በአሜሪካ የታወቀ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በኢንዲያና ግዛት የቤት ዕቃ መወልወያ በመሥራት የተነሣው ማግዋየርስ፣ ኋላ ፊቱን ወደ መኪና አዙሮ፣ በካሊፎርኒያዋ ኢርቫይን ከተማ ሐሙስ ማታ ጋራዡን ለመኪና ወዳዶች ክፍት ያደርግ ነበር። የሚያውቀው ያሳያል፣ የማያውቀው ማሽኑን ተቀብሎ ይሞክራል። ሁሉም የሚረባረበው በአንድ መኪና ላይ ነው።

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለሙ አንድ ድርብ ብቻ አይደለም። ላሜራው ላይ ዝገት መከላከያው፣ ከዚያ ፕራይመሩ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ቀለም አልባው ክሊር ይደረባል። የሁሉም ድምር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን 50 እንኳ ላይሞላ ይችላል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ላስታወሰ፣ የምሽቱ ሥራ ሁሉ ከፀጉር በቀጠነ ነገር ላይ የሚሠራ ነው።

ክሊር በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ በአዲስ አበባ የምናውቃቸውን አሮጌ ቮልሶች ጨምሮ፣ ክሊር ሳይደረብባቸው በራሱ በሚያብረቀርቅ ቀለም ይቀቡ ነበር። ልዩነቱን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ ጠብ አድርጎ አንድ ጥግ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከተነሣ ክሊር የለም ማለት ነው። (ብዙዎቹ ቮልሶች እርግጥ ስንት ጊዜ ተቀብተዋል፤ ፈተናው ለተቀባውም ይሠራል።)

ዋናው የቀለም ጠላት ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ ይሰባብረዋል፣ አየርና ዝናብ ይጨመሩበታል፣ ገጹ ይሻክራል። የሻከረ ገጽ ብርሃኑን ስለሚበትነው ዓይን ደብዛዛ አድርጎ ያየዋል። ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው አዲስ አበባ አየሯ ስለቀዘቀዘ ብቻ ለቀለም የምትራራ እንዳይመስል።

ሁለተኛው ጠላት የምናጸዳበት ጨርቅ ነው። ኮፈኑ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር መስሎ የሚወጣው ጭረት የሚመጣው አቧራ ባዘለ ስፖንጅ ከመታሸት ነው። ጎማ ያሸው ስፖንጅ በዚያው ባልዲ ተነክሮ ኮፈን ላይ ሲወጣ ያላየ የላቫጆ ደንበኛ ማን አለ?

የምሽቱ ሥራም በማጠብ ይጀምራል፤ ሁለት ባልዲ ይቀርባል፣ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁ ቆሻሻውን ለሚያራግፍበት። ታጥቦ የደረቀ መኪና ግን ንጹሕ መምሰሉ ያታልላል። ነባሮቹ ለአዲስ መጤ የሚያሳዩት ዘዴ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ኮፈኑን መዳበስ ነው። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ገጽ በፌስታሉ ሲዳሰስ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ውኃ ያላስለቀቀው የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የጢስ ዝቃጭ ነው። ይህን የሚያነሣው እየተለጠጠ የሚታጠፍ ልዩ ጭቃ ነው። ገጹን በሳሙና ውኃ አርሶ ጭቃውን በላዩ ማንሸራተት ብቻ ነው፣ ጉልበት አይፈልግም። ጭቃው መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ ይቅርታ የለውም።

ከዚያ ማሽኑ ይነሣል። አንዱ ዓይነት በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚዞር ኃይለኛ ነው፤ በለመደ እጅ ተአምር ይሠራል፣ ባልለመደ እጅ የበሩን ጠርዝ አቃጥሎ ላሜራውን ያወጣል። ሌላው እየተሽከረከረ ዙሪያውን የሚዋልል ሲሆን ከልክ በላይ ሲጫኑት መሽከርከሩን ያቆማል። ጀማሪ የሚሰጠው ይህኛው ነው። የስፖንጁ መያዣ ላይ በማርከር ጥቁር መስመር ይሰመርበታል፤ መስመሩ ቆሞ ከታየ እጅን ቀለል ማድረግ ነው።

ፖሊሽ ጭረትን ይሞላል የሚለው እምነት ብዙ ሰው አሳስቷል። እውነተኛው ፖሊሽ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ሞርዶ እስከ ጭረቱ ታች ያወርደዋል። እያንዳንዱ ዙር ከዚያች ቀጭን ክሊር ላይ ይበላል ማለት ነው። የበሰለ ባለሙያ የሚታወቀውም ጥልቁን ጭረት ሊያጠፋ ሲችል በመተዉ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ መጀመሪያ የዋህ የሆነውን ፖሊሽ ይሞክራል፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንካራው ያልፋል። ሲጨርስም በአልኮል ይጠርገዋል፣ የፖሊሹ ዘይት ጭረቱን ሸፍኖ እንዳያሞኘው። ማታ ጋራዥ ውስጥ መሥራት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ላሜራው ቀዝቃዛ ነው፣ ባትሪ ተጠግቶ ሲበራበትም ጭረት መደበቂያ የለውም።

ክሊር የሌለው አሮጌ ቀለም ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሽን ከመንካቱ በፊት ዘይት የበዛበት ፖሊሽ በእጅ ወፈር ተደርጎ ይቀባና ያድራል። በበነጋው ሲታሽ ጨርቁን የሚሞላው የሞተው ቀለም ነው፣ ከሥሩ ሕያው ቀለም ይወጣል።

የጋራ እጅ የደረሰበትን ማየት የፈለገ ሲያትል ያለውን የበረራ ሙዚየም ያስብ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 አገልግሎት የጀመረው ቦይንግ፣ እዚያ ለዓመታት ደጅ ቆሞ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበታል። ሬኒ ዶይል የሚባል የመኪና ውበት ባለሙያ በጎ ፈቃደኞች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቀለሙንና አልሙኒየሙን እየወለወሉ አደሱት። አውሮፕላኑ ጣሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሁሉም ግን አይድንም። ክሊሩ ተልጦ እንደ ቅርፊት መነሣት ከጀመረ የትኛውም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ቦታው ቀለም ቀቢው ዘንድ ነው፣ ይድናል ብሎ ገንዘብ የሚቀበልም አይታመን። የዳነውም ቢሆን ሰም ካልተቀባ ፀሐዩ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ተራ ሰም ደግሞ ከጥቂት ወራት አያልፍም። እስከዚያው በሚቀጥለው ላቫጆ ጎማው የታጠበበት ስፖንጅ ኮፈኑ ላይ እንዳይወጣ ይጠይቁ፣ አለዚያ የራስዎን ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ይሂዱ።