ሜጁጎርዬ፦ መልእክት የበዛበት መገለጥ

ስድስት የሄርዞጎቪና ልጆች «እመቤታችን ተገለጠችልን» ካሉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነ። ወቅቱ እ.ኤ.አ. ጁን 1981፣ አገሩ የኮሚኒስቶች ዩጎዝላቪያ፣ መንደሩ ሜጁጎርዬ ነበር። መንግሥት የቁምስናውን ካህን ሲያስር የሞስታሩ ጳጳስ ፓቫኦ ዣኒች ለልጆቹ ጥብቅና ቆሙ፤ አይዋሹም አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ዋነኛ ተቃዋሚ ሆነው አረፉት።

ምን አዞራቸው? በሄርዞጎቪና የካቶሊክ እምነት የቱርክን ዘመን የተሻገረው በፍራንቸስካውያን መነኮሳት ትከሻ ነው። ሮም በ1975 ከቁምስናዎቹ ከፊሉን ለሀገረ ስብከቱ ካህናት አስረክቡ ስትል መነኮሳቱም ሕዝቡም አሻፈረን አሉ። ጠቡ በተካረረበት ሰዓት በባለራእዮቹ በኩል መልእክት መጣ ተባለ፤ ጳጳሱ የቀጧቸው ሁለት መነኮሳት ንጹሐን ናቸው፣ የቸኮሉት ጳጳሱ ናቸው የሚል። በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ ዘመን ከቀረቡት መመዘኛዎች ጠንካራው ይኸው ነው። ከሰማይ ወረደ የተባለ ቃል በሰፈር ሙግት የአንዱን ወገን አቤቱታ ይዞ ከተገኘ መጠርጠር ተገቢ ነው። (ጳጳሱም በነገሩ ተከሳሽ ሆነው ሳለ ፈራጅ እንደነበሩ አይረሳ።)

ግንቦት 21 ቀን ደብረ ምጥማቅን ለሚያከብር ኢትዮጵያዊ፣ ግብፅ ላይ የእመቤታችን መገለጥ እንግዳ ወሬ አይደለም። በ1968 ካይሮ ዘይቱን ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ላይ ብርሃን ለብሳ ታየች ሲባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መሰከረ። መጀመሪያ ታየች የተባለው ኤፕሪል 2 ሲሆን፣ የአቡነ ቄርሎስ 6ኛ መንበረ ፓትርያርክ አስመርምሮ ሜይ 4 ላይ እውነት ነው ብሎ አወጀ። ዘይቱን ላይ ግን የተነገረ ቃል አልነበረም። ሜጁጎርዬ ላይ መልእክቱ በሺዎች ይቆጠራል፤ የሚመረመረውም እየበዛ ሄደ።

የዩጎዝላቪያ ጳጳሳት በ1991 ዛዳር ላይ፣ ከተፈጥሮ በላይ መሆኑ አልተረጋገጠም ብለው ወሰኑ። ሐሰት ነው ግን አላሉም፤ በዚያች ክፍተት ተሳላሚው በሚሊዮን ገባ። ቫቲካን በ2010 በካርዲናል ካሚሎ ሩኢኒ የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመች። ፖፕ ፍራንሲስ በ2017 እንደተናገሩት፣ ሪፖርቱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መገለጦች ይጠኑ ሲል የኋለኞቹን ይጠራጠራል። እሳቸው ራሳቸውማ በየቀኑ በሰዓቱ መልእክት የምትልክ የቴሌግራፍ ቤት ኃላፊ የኢየሱስ እናት አይደለችም ብለው አላገጡ።

በሜይ 2024 ቫቲካን ስለ መገለጦች ያወጣችው ደንብ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። ደንቡ ከሚፈቅዳቸው ስድስት ዓይነት ውሳኔዎች ከፍተኛው «የሚከለክል ነገር የለም» ብቻ ነው፤ በመደበኛው አሠራር ከሰማይ መሆኑን የሚመሰክር ማኅተም ቀረ። ሜጁጎርዬ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ይህንኑ ፈቃድ አገኘች፤ ምክንያቱ ንስሐው፣ የታረቀው ትዳር፣ ለክህነት የተጠራው ወጣት ነበር። ፍሬው እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ተሳላሚው ጸሎት እንጂ ስለ መልእክቱ ምንጭ አይደለም። ፈቃዱን የሰጠው ሰነድም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። «የእኔን መልእክት ስሙ» የሚለው ጉትጎታ የበዛባቸውን ቃላት ለይቶ ይነቅፋል፤ ተሳላሚው ባለራእዮቹን ለማግኘት ብሎ እንዳይሄድም ይመክራል። ከስድስቱ ባለራእዮች ሦስቱ ግን አሁንም በየቀኑ ትገለጥልናለች ይላሉ።